የጥይት ስምና የጥይት ልክ፦ ከአንድ የመረጃ ቋት የምንማረው

ከመካከላችን አንዱ ለማስተማር ልምምድ በወጣበት የገጠር ትምህርት ቤት፣ አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከቦርሳው ያልተተኮሰ ጥይት አውጥቶ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረ። «ጋሼ፣ ይኼ ስንት ቁጥር ነው?» ሲል ጠየቀ። ጓደኛችን ጥይቱን አነሣው፤ ገለባበጠው፤ ቂጡ ላይ ከላይ 60፣ ከታች 78 ተቀርጾ አገኘ። «አላውቅም» ማለት ለመምህር ነውር መስሎት ስለ ነበር «ይኼማ ባለ ስድሳ ነው» ብሎ አለፈው። ጥይቱንም ከጠመኔው ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እዚያው ሁለት ቀን አደረ።

በዚህ ውስጥ ሁለት ስሕተት አለ። ከባዱ ስሕተት ጥይቱን ማንሣቱና ማስቀመጡ ነው፤ ወደ እርሱ ኋላ እንመለስበታለን። ሌላው የዕውቀት ስሕተት ነው፤ እርሱን ደግሞ ብዙዎቻችን እንጋራዋለን። ቁጥር ባየን ጊዜ ሁሉ ልክ ይመስለናል። 60 ግን የጥይቱ ልክ አልነበረም። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት፣ ያኔ ፍሩንዜ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ቢሽኬክ፣ የነበረ የጥይት ፋብሪካ መለያ ቁጥር ነው። 78 ደግሞ ጥይቱ የተሠራበትን ዓመት፣ 1978 እ.ኤ.አ.ን ያመለክታል። ሶቪየቶች በጦር ጠመንጃ ጥይት ቂጥ ላይ በአብዛኛው ፋብሪካውንና ዘመኑን እንጂ ልኩን አይጽፉም ነበር።

ጓደኛችን ከልምምድ ተመልሶ ይህን ሲነግረን ክርክር ተነሣ። «ታዲያ ልኩ በምን ይታወቃል? ቁጥሩ ካልነገረን ማን ይነግረናል?» የሚል። መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው በኮምፒዩተር ላይ የተደራጀ የጥይት ማመሳከሪያ መዝገብ፣ ማለትም የመረጃ ቋት፣ እንዳለ ነው። ይህን የሚጠቀሙበት የፖሊስ መርማሪዎች፣ የሙዚየም ሠራተኞች፣ ፈንጂ አምካኞችና የጦር መሣሪያ ታሪክ አጥኚዎች ናቸው። እኛ ጥይት አንሰበስብም፤ እንዲሰበሰብም አንመክርም። ነገር ግን መዝገቡ የተሠራበት ዘዴ ስለ ስም፣ ስለ ልክና ስለ መዝገብ አያያዝ የሚያስተምረው ብዙ ስላለ፣ ለዕጩ መምህራን እንዲህ አቅርበነዋል።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በቋንቋችን «ጥይት» ስንል ሙሉውንም፣ ወጥቶ የሚመታውንም ማለታችን ነው። ነገሩ ግን አራት ክፍል አለው። ከናስ ወይም ከብረት የተሠራው ጎጆ ቀልሃ ይባላል። በውስጡ ባሩድ አለ። በቂጡ መሐል ስትመታ እሳት የምትሰጥ ትንሽ መለኮሻ አለች። ከአፉ ላይ የተሰካው፣ በርሮ የሚሄደው ደግሞ አረር ነው። ተኩስ ሲሆን አረሩ ይሄዳል፤ ቀልሃው ይቀራል። እንግዲህ አንድ ሰው «የጥይቱ ስፋት ይህን ያህል ነው» ሲል የአረሩን ነው የቀልሃውን? ወይስ የጠመንጃውን በርሜል? ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የጥይት ስሞች ዝብርቅ ሁሉ የሚመነጨው፣ ስም አውጪው ከእነዚህ ሦስት የቱን እንደ ለካ ሳይናገር በመቅረቱ ነው።

ሁላችንም የሰማነውን 7.62 እንውሰድ። ቁጥሩ ከየት መጣ? አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው። የኢንች ሦስት ዐሥረኛ፣ ማለትም 0.3 ሲባዛ በ25.4፣ ልክ 7.62 ይሆናል። ሩሲያውያን የኢንችን ዐሥረኛ «መስመር» ይሉት ስለ ነበር፣ የ1891 እ.ኤ.አ. ጠመንጃቸውን «ባለ ሦስት መስመር» ብለው ሰይመውት ነበር። ይህ ልክ የተወሰደው ከበርሜሉ ውስጥ ነው። በርሜል ውስጥ አረሩን የሚያሾር ጠመዝማዛ ቦይ አለ፤ 7.62 የሚባለው በቦዮቹ መካከል ከፍ ብለው ከቀሩት ጀርባዎች ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ ያለው ርቀት ነው። አረሩ ቦዩን ነክሶ እንዲሾር ከዚህ ወፈር ማለት አለበት። ስለዚህ ባለ 7.62 የሚባል አረር ቢለካ 7.62 ሆኖ አይገኝም። የ7.62×51 አረር 7.82 ገደማ ነው፤ የክላሽንኮቩ የ7.62×39 አረር 7.9 ገደማ ነው። እንዴ፣ ስሙ አንድ፣ ልኩ ሁለት!

ከማባዣው ምልክት በኋላ ያለው ቁጥር የቀልሃው ርዝመት በሚሊሜትር ነው። ይህ ሁለተኛ ቁጥር ባይኖር ኖሮ 7.62×25 የሽጉጥ ጥይት፣ 7.62×39 የክላሽ፣ 7.62×51 የናቶ፣ እንዲሁም 7.62×54 የሩሲያው የቆየ ባለ ጠርዝ ጥይት፣ ሁሉም «ባለ 7.62» ተብለው በአንድ ከረጢት ይከተቱ ነበር። አንዱ በሌላው ጠመንጃ አይተኮስም።

በኢንች የሚሰይሙት ደግሞ የባሰባቸው ናቸው። ነጥብ 38 ስፔሻል የሚባለውን የሪቮልቨር ጥይት ብንወስድ፣ 0.38 ሲባዛ በ25.4 ወደ 9.65 ሚሊሜትር ይሆናል። አረሩ ግን ሲለካ 9.07 አካባቢ ነው። ምክንያቱም ስሙ የወረደው አረሩ ከቀልሃው ውጭ እኩል ወፍራም ከነበረበት ከቆየ አሠራር ነው። አሠራሩ ተለወጠ፤ አረሩ ቀጥኖ ወደ ቀልሃው ገባ፤ ስሙ ግን እንደ ነበረ ቀረ። በ1935 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ጥይት የተወለደው ነጥብ 357 ማግነም ስሙን ከአረሩ ልክ ወሰደ። ሁለቱ አረሮች እኩል ናቸው፤ በስም ግን አይተዋወቁም። ማግነሙ እጅግ ኃይለኛ ስለ ሆነ፣ ወደ ቀድሞው ሽጉጥ እንዳይገባ ቀልሃውን ከ3 ሚሊሜትር በላይ አስረዘሙት። ይህ እንግዲህ በቁጥር ሳይሆን በቅርጽ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማንበብ የማይችልም ሰው አይሳሳተውም። እኛ በጣም ወደነዋል።

ስለ ፍንጣሪ የሚረጨው የአደን ጠመንጃ አንድ ነገር ብቻ እንበል። እዚያ «12 ቁጥር» ማለት ለበርሜሉ ልክ የሆኑ 12 ድቡልቡል እርሳሶች አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ ማለት ነው። «20 ቁጥር» ከሆነ 20 እርሳስ ነው አንድ ፓውንድ የሚሞላው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ያንሳል። እንደ ስፌት ክር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ነገሩ ይቀጥናል። ይህን ያላወቀ ሰው 20 ቁጥሩን ጥይት 12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ቢከት፣ ጥይቱ ሾልኮ በርሜሉ ውስጥ ይወተፋል። ባዶ መስሎት ከኋላው 12 ቁጥር አጉርሶ ቢተኩስ በርሜሉ ከእጁ ላይ ይፈነዳል። በአሜሪካ የ20 ቁጥር ጥይት ቢጫ ቀለም እንዲኖረው የተደረገው ስለዚሁ ነው።

በአገራችን ጥይት የሚጠራው በጠመንጃው ስም ነው። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ቤልጂግ፣ ክላሽ እንላለን። ሰናድር እንግሊዞች በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ይዘውት የመጡት ስናይደር ነው፤ ውጅግራም የፈረንሳዩ ግራ ነው። ጠመንጃና ጥይት አንድ ለአንድ በነበሩበት ዘመን ይህ አጠራር አልጎዳም። ኋላ ግን 7.92 ጥይት የሚበሉ ማውዘሮች ከቤልጂግም ከጀርመንም መጡ። ያን ጊዜ አንዱ «የቤልጂግ ጥይት» ሲል፣ ሌላው «የማውዘር» ሲል፣ አንድ ዕቃ በሁለት ስም ዝናር ውስጥ ተቀመጠ።

የዚህ የ7.92 ጥይት ታሪክ ለብቻው አንድ ትምህርት ነው። ጀርመኖች በ1888 እ.ኤ.አ. ሲያወጡት አረሩ 8.09 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አረሩን ሹል አድርገው ወደ 8.22 አወፈሩት፤ ለዚህም «ኤስ» የሚል ፊደል ጨመሩለት። ቀልሃው ያው 57 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 0.13 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን ተማሪ ፊት ማሳየት ቢያስፈልግ ባለ 100 ቅጠል ደብተር ይዞ ውፍረቱን በማስመሪያ መለካት ነው፤ ወደ 1 ሴንቲሜትር ይመጣል፤ ለ100 ሲካፈል አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ከአንድ ቅጠል ደብተር ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ሆኖም ወፍራሙ አረር በጠባቡ በርሜል ሲገፋ የባሩዱ ግፊት ከሚፈቀደው በላይ ይወጣና ጠመንጃውን ሊሰብረው ይችላል። አሜሪካኖች አሮጌ ጠመንጃ በሰው እጅ አለ ብለው ስለ ሠጉ ይህንኑ ጥይት ሆን ብለው አዳክመው ይሠራሉ። በአውሮፓ ደንብ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት 3900 ባር ነው። ስለዚህ አንድ ስም፣ ሁለት አረር፣ ሁለት ጉልበት።

በዚህ ላይ የፊደል ጣጣ ተጨመረ። ጀርመኖች «እግረኛ ጦር» ለማለት «አይ» የሚለውን ፊደል ከስሙ ኋላ ይጽፉ ነበር። በቀድሞው የጽሕፈት ቅርጻቸው «አይ» እና «ጄ» አንድ ስለሚመስሉ፣ የውጭ ሰዎች «ጄ» ብለው አነበቡት። እስከ ዛሬ በአንዳንድ የጥይት ካርቶን ላይ «ጄ ኤስ» ተብሎ ታትሞ ይገኛል። የእኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፁ አንድ ሆኖ ቅርጹ ሦስት ነው፤ የእነርሱ ደግሞ ቅርጹ አንድ መስሎ ድምፁ ሁለት ሆነ። የተማሪ ስም ዝርዝር የያዘ መምህር ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። አንዱ ልጅ በአንደኛው መንፈቅ «ኃይሉ»፣ በሁለተኛው «ሀይሉ» ተብሎ ይጻፍና መዝገቡ ላይ ሁለት ልጅ ይሆናል፤ የአንዱ ውጤት ጎዶሎ፣ የሌላውም ጎዶሎ።

እንግዲህ የመረጃ ቋቱ ሥራ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። መሠረቱ ከኮምፒዩተር በፊት የተጣለ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. በቤልጂግ ሊዬዥ ከተማ የጦር መሣሪያ ፍተሻን አንድ ለማድረግ ዓለም አቀፍ ቋሚ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይህ ኮሚሽን ለእያንዳንዱ ጥይት የልክ ሠንጠረዥ ያወጣል። አሜሪካኖችም በ1926 እ.ኤ.አ. የአምራቾች ተቋም መሥርተው የራሳቸውን ደረጃ ያወጣሉ። ከዚያም በፊት፣ በ1896 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ትልቁ የጀርመን የጥይት ኩባንያ ስም መጥራት ሰልችቶት ለየቀልሃው ዓይነት ተራ ቁጥር ሰጥቶ ነበር፤ ለምሳሌ የ7.63 ማውዘር ሽጉጥ ጥይት በዝርዝሩ 403 ነው። 403 የሚለካ ነገር አይደለም፤ ምንም ትርጉም የለውም፤ ጥሩነቱም ይኸው ነው። ትርጉም የሌለው ቁጥር አያሳስትም። በኋላ የአውሮፓ የጥይት ተመራማሪዎች ማኅበር የመሳሰሉት እንዲህ ያለውን ዕውቀት በኮምፒዩተር ፕሮግራም አደራጁት።

በእንዲህ ያለ ቋት ውስጥ እያንዳንዱ ጥይት አንድ ካርድ አለው ብለን እናስብ። ከዚህ በታች ያለውን ሰሌዳ ላይ መገልበጥ ይቻላል።

መለያ፦ አንድ፣ የማይደገም
ስሞች፦ 9×19፣ 9 ሚሊሜትር ፓራቤለም፣ 9 ሚሊሜትር ሉገር
የአረሩ ውፍረት፦ እስከ 9.03 ሚ.ሜ.
የቀልሃው ርዝመት፦ እስከ 19.15 ሚ.ሜ.
የቂጡ ስፋት፦ 9.96 ሚ.ሜ.
የሙሉ ጥይቱ ርዝመት፦ እስከ 29.69 ሚ.ሜ.
የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት፦ 2350 ባር
የወጣበት አገርና ዘመን፦ ጀርመን፣ 1902 እ.ኤ.አ.

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ እንበል። ስሞች ብዙ ናቸው፤ መለያው ግን አንድ ነው። ሰው በየትኛውም ስም ቢፈልግ ወደ አንዱ ካርድ ይደርሳል። ለየስሙ ካርድ ቢከፈት ኖሮ ግን የእኛው የኃይሉ ጣጣ ይመጣ ነበር። ቀጥሎ፣ ልኮቹ «እስከ» ይላሉ። የተተኮሰ ቀልሃ ያብጣል፤ መለኪያውም እጅም ይሳሳታል። ስለሆነም ፈላጊው «19.15 አምጣልኝ» ካለ ምንም ላይመጣለት ይችላል፤ «ከ18.9 እስከ 19.2» ማለት አለበት። ክልሉን በጣም ካሰፋው ደግሞ ጎረቤቱ ይገባበታል። 9×18 ማካሮቭ ቀልሃው በ1 ሚሊሜትር ያጥራል፤ አረሩ ግን በ0.2 ገደማ ይወፍራል። ሦስተኛው፣ ያልታወቀ ነገር ባዶ ይተዋል እንጂ 0 አይጻፍም። ግፊቱ ያልታወቀ ጥይትና ግፊቱ ዜሮ የሆነ ጥይት አንድ አይደለም። ፈተና ያልተቀመጠ ተማሪና ዜሮ ያገኘ ተማሪ አንድ እንዳልሆነው ማለት ነው፤ ይህንንም የምናደበላልቅ መምህራን አንጠፋም።

ቀለምም እንዲሁ ብቻውን አይታመንም። አረሩ ጫፉ አረንጓዴ የሆነ የሶቪየት ጠመንጃ ጥይት እየነደደ መንገዱን የሚያሳይ ነው። ጫፉ አረንጓዴ የሆነ የአሜሪካ 5.56 ግን ብረት ያለበት መደበኛ ጥይት እንጂ የሚነድ አይደለም። ስለዚህ «ቀለም» የሚለው ዐምድ «አገር» ከሚለው ዐምድ ተለይቶ አይነበብም። ዘመንም እንዲሁ ነው። በቀድሞዋ ቱርክ ጥይት ቂጥ ላይ ዘመኑ በዐረብኛ አኃዝ፣ በእነርሱ አቆጣጠር ነው የሚገኘው፤ 1300 ምናምን የሚል ጥይት ያየ ሰው የመካከለኛው ዘመን ዕቃ አገኘሁ ብሎ አይደንግጥ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንኳ ይኼ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ስሕተት እንመለስ። ቋቱ ይህን ሁሉ ቢያውቅም የማይነግረን ነገር አለ፤ ይኸውም በፊታችን ያለው ጥይት ለመነካት ደኅና መሆን አለመሆኑን ነው። መርማሪዎቹ መጀመሪያ በሠለጠነ ሰው ያስጠብቃሉ፣ ከዚያ ይለካሉ። እኛ መለኪያም ሥልጠናም የለንም። ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ልጆች የሚያገኙት ደግሞ የክላሽ ጥይት ብቻ አይደለም፤ የ14.5 እና የ23 ሚሊሜትር ጥይት አለ፤ ከእነዚህ ውስጥ አረሩ ራሱ የሚቃጠል ወይም የሚፈነዳ ይገኛል። ልጅ «ትልቅ ጥይት» ብሎ የሚያመጣው ነገር ቦምብም ሊሆን ይችላል። ልጆች ናሱንና እርሳሱን ፈልገው በድንጋይ ይቀጠቅጡታል፤ እሳት ውስጥ ይጥሉታል። ጠመንጃ ውስጥ ያልገባ ጥይት እሳት ሲያገኘው ቀልሃው ተሰንጥቆ ስባሪው ይበራል፤ ለዓይን ይህ ይበቃል።

መሬት ላይ የታየ ከሆነ አይነካም፤ ልጆቹን ማራቅ፣ ቦታውን ከሩቅ በሚታይ ነገር ማመልከት፣ ለቀበሌና ለፖሊስ ማስታወቅ ነው። ልጁ በእጁ ይዞት ከመጣ አይጮኽበትም፤ ከደነገጠ ይጥለዋልና። ባለበት ቀስ ብሎ እንዲያስቀምጠው ማድረግ፣ ክፍሉን ማስወጣት፣ ማንም ተመልሶ እንዳይገባ በር ላይ ሰው ማቆም፣ ከዚያ ሰው መላክ ነው። መሳቢያ ውስጥ አይገባም፤ ለርእሰ መምህሩም ተይዞ አይሄድም። ልጁም መቀጣት የለበትም፤ ከተቀጣ ሌላ ጊዜ የሚያገኘውን ይደብቃል። የት እንዳገኘው ግን በእርጋታ መጠየቅ አለበት፤ አንድ የተገኘበት ቦታ ሌላም ይኖራልና። ጓደኛችን በሦስተኛው ቀን ለርእሰ መምህሩ ተናግሮ ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። ልጁ ያገኘው ከወንዙ ዳር፣ ከብት ከሚጠጣበት ቦታ ነበር። እዚያም ሌላ ተገኝቷል።

በጥይት ካላስተማርን በምን እናስተምር የሚል ይኖራል። የባትሪ ድንጋይ አለን። ትንሹ ድንጋይ «ኤኤ» ይባላል፤ «አር6» ይባላል፤ አልካላይን ሲሆን «ኤልአር6»፤ በጃፓን አጠራር «ዩኤም-3»። ትልቁ «ዲ» ነው፤ «አር20» ነው፤ «ዩኤም-1» ነው። ትንሹ ውፍረቱ እስከ 14.5፣ ርዝመቱ እስከ 50.5 ሚሊሜትር ነው፤ ትልቁ ውፍረቱ እስከ 34.2፣ ርዝመቱ እስከ 61.5 ነው። በማስመሪያና በወረቀት ጥቅልል መለካት ይቻላል፤ ዙሪያውን በክር ለክቶ ለ3.14 ማካፈልም ጥሩ ልምምድ ነው። ያበጠና ፈሳሽ ያወጣውን ብቻ በእጅ አለመንካት ነው።

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ሞክረን ነበር። ከየዶርሙ ያረጁ ድንጋዮች ሰብስበን፣ በላያቸው ላይ በተጻፈው ስም ብቻ 14 ካርድ ከፈትን። ለክተን ስናበቃ የቀሩት 4 ካርዶች ናቸው። አንድ ነገር ግን አልተስማማንም። በአልካላይንና በተራው መካከል ልኩ አንድ ሆኖ ውስጡ ይለያያል። ለየብቻ ካርድ ያስፈልጋቸዋል የሚሉ አሉ፤ ካርዱ አንድ ሆኖ «ውስጠኛው ዓይነት» የሚል ዐምድ ይጨመርለት የሚሉም አሉ። ካርዶቹ ቤተ መጻሕፍት መግቢያው ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ስለሆኑ፣ የሚመስላችሁን በጀርባቸው ላይ ጻፉልን።